ኧርሊ ዲሲዥን ምንድን ነው? ከመፈረማችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለበት ቤት ኦክቶበር ላይ ይሄ ጥያቄ አይቀርለትም። የኮሌጅ ማመልከቻው አሁን ይግባ ወይስ ጃንዋሪን ይጠብቅ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። "ኧርሊ" ሁለት ዓይነት ነው። ኧርሊ አክሽን ቀድሞ አመልክቶ ቀድሞ መልስ ማግኘት ነው፣ በቃ። ቢቀበሏችሁም እስከ ሜይ 1 ሌሎቹን አይታችሁ ትወስናላችሁ። ኧርሊ ዲሲዥን ግን ቃል መግባት ነው። በዚህ መንገድ ማመልከት የሚቻለው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ ተማሪው፣ ወላጅና የትምህርት ቤቱ ካውንስለር (አማካሪ) ይፈርማሉ፤ ከተቀበሉ ደግሞ ሌላው ማመልከቻ ሁሉ ተሰርዞ እዚያ መግባት ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ይዘጋሉ፣ የኧርሊ ዲሲዥን መልስ አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ይመጣል፣ የኧርሊ አክሽን ግን አንዳንድ ኮሌጅ ጋር እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሬጉላሩ፣ ማለትም የተለመደው ማመልከቻ፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋና መልሱ እስከ ማርች መጨረሻ ይደርሳል።

"በኧርሊ ዲሲዥን መግባት ይቀላል" ሲባል ትሰማላችሁ። ብዙ ኮሌጆች ላይ የሚቀበሉት በመቶኛ ሲታይ ከፍ ይላል፣ እውነት ነው፤ ግን እዚያ ውስጥ ቀድመው የተመለመሉ ስፖርተኞችም ስላሉበት ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት።

እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። በኧርሊ ዲሲዥን የገባ ልጅ እጁ ላይ ያለው የአንድ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ "እዚያኛው የተሻለ ሰጥቶኛል" ብሎ የሚያወዳድረው ነገር የለውም። እርዳታው ካልበቃ ከውሉ መውጣት ይቻላል፣ ግን ያ የሚሆነው ልጁ ደስ ብሎት ለዘመድ ሁሉ ከተናገረ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳትፈርሙ የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ሙሉት፤ ማስያው እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል። ታክሲ የምትነዱ ወይም የራሳችሁ ሱቅ ያላችሁ ወላጆች ግን ማስያው ለእንደናንተ ዓይነት ገቢ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት፣ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ።

ኧርሊ አክሽን ካለ ግን፣ ማመልከቻው ተሟልቶ የተዘጋጀ ልጅ ቢያስገባ ምንም አይጎዳም። ሜሪላንድ ላላችሁ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ በዚህ መንገድም ይቀበላል። ሃርቫርድና ዬልም አያስሩም፣ ግን እነሱ ጋር ኧርሊ ያስገባ ልጅ ለሌላ የግል ኮሌጅ ኧርሊ ማስገባት አይችልም።

በቅርብ ከኢትዮጵያ የመጣ፣ እንግሊዝኛው ገና እየጠነከረና ውጤቱ እየጨመረ ያለ ልጅ ካላችሁ ደግሞ አታጣድፉት። ሬጉላር ላይ የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቱም ይታይለታል፣ ለእንዲህ ያለ ልጅ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ኧርሊ ያስገባም ቢሆን የሌሎቹን ኮሌጆች ኤሴዎች (የማመልከቻ ጽሑፎች) መልሱን እየጠበቀ ይጨርስ። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ "አልተቀበልንህም" ከመጣ እስከ ጃንዋሪ 1 የሚቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።