የማርሽ ጥምርታ ምንድን ነው?

ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የወጣ ተሳፋሪ ነገሩን አስቀድሞ በጆሮው ያውቀዋል። ጭነት የሞላ አይሱዙ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ዳገቱን ይያያዘዋል። መንገዱ ረገብ ያለ ሲመስል ሾፌሩ ሦስተኛ ያስገባል፤ ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ይሰምጣል፣ መኪናው ይርገበገባል፣ ማርሹም ተመልሶ ሁለተኛ ይሆናል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነውና ይህ ሲደጋገም ይውላል። ሞተሩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ለዚያ ዳገት የሚስማማው ማርሽ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ስለሚወድቅ፣ እዚያ ደግሞ ምንም ስለሌለ ነው።

ጥምርታ የጥርስ ቁጥር ጉዳይ ነው። በሞተር የሚዞረው ማርሽ 10 ጥርስ፣ ከእርሱ ጋር የተነካከሰው 30 ጥርስ ቢኖረው፣ ትልቁ አንድ ጊዜ እስኪዞር ትንሹ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ጥምርታው 3 ነው። ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ የማዞር ጉልበቱ በሰበቃ ከሚባክነው በቀር ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሮቻችን ከባድ ማርሽ የሚሉት ይህን ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ነው። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእግሩ የሚከብደው ፈጣኑ ማርሽ ነው። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በኋላ፣ ዙሩን ለጎማዎቹ በሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ላይ፣ የመጨረሻው ጥምርታ የሚባል ሌላ ጥምርታ አለ፤ ጎማው የሚደርሰው የሁለቱ ብዜት ነው።

አሁን ወደ ውድድር ሜዳ እንሂድ። የጀርመኑ የስፖርት መኪና ፖርሽ ካይማን ጂቲ4 ሁለተኛ ማርሹ 1.95፣ የመጨረሻው ጥምርታ 3.89 ነው፤ ሲባዙ 7.59 ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሞዴል ሞተሩ በደቂቃ እስከ 8000 ዙር ይዞራል። 8000ን ለ7.59 ብናካፍል ጎማው በደቂቃ 1054 ጊዜ ይዞራል፤ የኋላ ጎማው ዙሪያ 2.15 ሜትር ያህል ስለሆነ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት 136 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለአውራ ጎዳና ድንቅ ነው። ጠባብ መታጠፊያ በበዛበት ሜዳ ግን ነጂው ከመታጠፊያው በ70 ሲወጣ ሞተሩ ገና 4100 ዙር ላይ ነው፤ ይህ ሞተር ደግሞ ኃይሉን የሚያወጣው ላይኛው ዙር ላይ ነው። የደጀኑ አይሱዙ ችግር በውድ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የመጨረሻውን ጥምርታ መቀየር ነው፤ 3.89 የነበረው 4.23 ቢሆን ሁሉም ማርሾች በአንድ ጊዜ በ9 በመቶ ገደማ ይከብዳሉ፣ ሁለተኛውም 125 ላይ ያበቃል። ነገር ግን በማርሾቹ መካከል ያለው ርቀት እንደነበረ ይቆያል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ (1.41) በ8000 ሲቀየር ሞተሩ ወደ 5800 ገደማ ይወርዳል፤ ዲፈረንሻሉ ላይ የፈለጉትን ቢያስገቡ ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። ክፍተቱን ለማጥበብ ካምቢዮውን ከፍቶ ማርሾቹን አንድ በአንድ መቀየር ያስፈልጋል። ሥራው ረቂቅ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። በብዙ ካምቢዮዎች አንደኛው ማርሽ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚሠራ፣ እርሱን ለመቀየር ዘንጉንም መቀየር ግድ ይሆናል።

በዚህ መካከል አንድ የተሳሳተ ወሬ ይሰማል፦ «ማርሹን አስቀየረና መኪናው ኃይል ጨመረ» ይባላል። አልጨመረም። ሞተሩ የሚያወጣው ፈረስ ጉልበት ያው ነው፤ የተቀየረው ያንን ጉልበት የሚያገኝበት ፍጥነት ነው። በአንዱ ፍጥነት ያተረፈው በሌላው ሊከስር ይችላል። በከበደው ዲፈረንሻል ቀጥተኛው መንገድ ሊያልቅ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ሞተሩ ጣሪያውን ቢነካ፣ ነጂው ፍሬን ሊይዝ ሲል አንድ ትርፍ ማርሽ ለመቀየር ይገደዳል። ፍሪሲዮን በተረገጠባት ቅጽበት ደግሞ መኪናውን የሚገፋው ነገር የለም።

በዚህ ምክንያት ትክክለኛው ጥምርታ ከሜዳ ሜዳ ይለያያል። የፎርሙላ አንድ ቡድኖች ቀድሞ ለየሜዳው ማርሽ ይመርጡ ነበር፤ ቀጥታ መንገዱ ለረዘመው ሞንዛ ሌላ፣ ለጠመዝማዛው ሞናኮ ሌላ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ግን ስምንቱም ጥምርታዎች ለውድድር ዘመኑ በሙሉ ተወስነው ይገባሉ።

ወደ ፖርሹ እንመለስና፣ ያው መኪና ለዘወትር ጉዞም የሚያገለግል ከሆነ፣ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ በሰዓት 100 ሲነዳ በስድስተኛ ማርሽ 2440 የነበረው የሞተር ዙር በአዲሱ ዲፈረንሻል (4.23) ወደ 2660 ገደማ ይወጣል። ትንሽ ድምፅና ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል፤ ሰዎች እንደሚፈሩት ያህል አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ በአንዳንድ መኪና የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው ከዲፈረንሻሉ በፊት ስለሆነ፣ ካልተስተካከለ መኪናው ከሚሄደው በላይ ያሳያል። ወጪ ለማይፈልግ ደግሞ ቁመቱ አጠር ያለ ጎማ መግጠም ያንኑ ሥራ በከፊል ይሠራል፤ መኪናው ግን ወደ መሬት ይጠጋል፣ የገጠር ኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ ይህ አይመከርም።