ዓሣው «ታመመ» ብላችሁ ፋርማሲ ከመሮጣችሁ በፊት

ደሴ ውስጥ «ዓሣ ታመመብኝ» ብሎ ከሚደውልልኝ ሰው አብዛኛው ከመደወሉ በፊት አንድ ነገር አድርጎ ይጠብቀኛል፤ ፋርማሲ ሄዶ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፣ ፍሬውን ከፍቶ ገንዳው ውስጥ በትኖታል። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከከብቱና ከበጉ ጎን ለጎን በደሴና በኮምቦልቻ የአንዳንድ ሆቴሎችን፣ ካፌዎችንና መኖሪያ ቤቶችን የዓሣ ገንዳ እከታተላለሁ። አዲስ ተገዝተው ከመጡ ዓሣዎች መካከል በሳምንት ውስጥ የሚሞቱት ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ መትረፍ ይችሉ ነበር። የሚገድላቸው ከበሽታው ይልቅ ስለ በሽታው የምናምነው ነገር ነው። ስለዚህ በየጊዜው የምሰማቸውን ልጻፍ።

«ቴትራሳይክሊን ጨምርበት»

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ቴትራሳይክሊን በየቤቱ የማይጠፋ መድኃኒት ነው። ቁስል ላይ ይነሰነሳል፣ ለዶሮ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ታዲያ ለዓሣስ ለምን አይሆንም ይባላል። መልሱ እነሆ። ቴትራሳይክሊን የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታመመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተበላሸ ውሃ፣ በጉዞ ጉዳት ወይም በጥገኛ ተህዋስ ነው። መድኃኒቱ ከሦስቱ አንዱንም አይነካም።

በዚያ ላይ ቴትራሳይክሊን ውሃ ውስጥ ካለ ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ይጣበቃል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚተው ውሃ ከሆነ፣ የጨመራችሁት መድኃኒት ዓሣው ሰውነት ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። የባሕር ውሃ ላይማ ነገሩ ይብሳል፤ ማግኒዥየሙ ብዙ ስለሆነ መድኃኒቱ ከሞላ ጎደል ከንቱ ይሆናል። ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ይበላሻል፣ ውሃውንም ያጠቁረዋል።

ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ካፌ ተጠርቼ የሄድኩበትን ጊዜ ልንገራችሁ። ገንዳው አዲስ ነው፤ ጠጠሩ ገና ያበራል። ስምንት ጎልድ ፊሽ ከአዲስ አበባ መጥተው በመጡበት ቀን ገብተውበታል። ስደርስ ውሃው ቀይ ቡናማ ሆኖ ላዩ ላይ አረፋ ተጋግሯል። ሁለቱ ሞተዋል፤ የቀሩት ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ያለከልካሉ፣ የስንጥባቸው፣ ማለትም የመተንፈሻ አካላቸው፣ ክዳን ያለ ዕረፍት ይመታል። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፣ ከልቡ ተጨንቋል። «ዶክተር፣ አራት ፍሬ ጨምሬበታለሁ፤ ስድስት ላድርሰው እንዴ?» አለኝ። ጥቂት ውሃ በብልቃጥ ቀዳሁና የአሞኒያ መመርመሪያውን ጠብታ ጨመርኩበት። ቢጫ ሆኖ መቅረት የነበረበት ውሃ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ።

ዓሣዎቹ በሽታ አልነበረባቸውም። በራሳቸው ቆሻሻ እየተመረዙ ነበር። ዓሣ አሞኒያን በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያስወጣል። የቆየ ገንዳ ውስጥ፣ ማጣሪያውና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም፤ በበቂ መጠን እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ስትበትኑበት ደግሞ ገና ማቆጥቆጥ የጀመሩትን እነዚያን ባክቴሪያዎች ልትጎዱ ትችላላችሁ። አሞኒያው ይጨምራል፣ ዓሣው ይብሳል፣ ባለቤቱም «መድኃኒቱ አነሰ» ብሎ ይደግማል። ካፌው ውስጥ ያደረግነው ሕክምና ምግብ ማቆም፣ በየቀኑ የውሃውን ሲሶ ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ መቀየር፣ የአየር ፓምፑንም ሌት ተቀን ማሠራት ብቻ ነበር። ስድስቱ ተርፈዋል።

ይህን ሁሉ ስል ፀረ-ባክቴሪያ ለዓሣ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጠርዙ ቀልቶ የሚበሰብስ ክንፍ፣ ሰውነት ላይ የሚከፈት ቁስል፣ አብጦ ቅርፊቱ የቆመ ዓሣ በባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን መድኃኒቱ ተመርጦ፣ ተመዝኖ፣ ዓሣው የሚበላ ከሆነ በምግቡ ይሰጠዋል፤ ኮርሱም ይጨረሳል። በግምት ተበትኖ በማግስቱ ከገንዳው ጋር ወደ ፍሳሽ የሚደፋ መድኃኒት ግን ወደ ቦርከና ወንዝ ወርዶ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ከማፍራት ሌላ ጥቅም የለውም። በከብትና በሰው ላይ የምናየው መከራ ይበቃናል።

«ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ንጹሕ ነው»

አሞኒያ ቀለም የለውም። መመርመሪያ ግዙ።

«ከላስቲኩ ውሃ ጋር ቀስ እያልክ አለማምደው»

ዓሣው የመጣው ከሠፈራችሁ ሱቅ ከሆነ ይህ ምክር ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ላስቲኩ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፤ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በርዷል፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ሞቋል፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደሴ ብርድ ተመልሷል። ቀኑን ሙሉ ዓሣው ላስቲኩ ውስጥ ተንፍሷል፣ አሞኒያም አስወጥቷል። በትንፋሹ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው አሞኒያው ብዙም በማይጎዳ መልኩ ተይዞ ይቆያል። ላስቲኩን ስትከፍቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበናል፣ አሲዳማነቱ ይቀንሳል፣ ተይዞ የነበረው አሞኒያም ወደ መርዝነት ይለወጣል። እናንተ በዚህ ሰዓት ላስቲኩን ከፍታችሁ የገንዳውን ውሃ በጠብታ እየጨመራችሁ ለአንድ ሰዓት ታለማምዱታላችሁ፤ ዓሣው ደግሞ መርዝ ውስጥ ይቆያል።

ላስቲኩን ሳትከፍቱ ገንዳው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ እስኪመጣጠን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ክፈቱና ዓሣውን ወዲያው በመረብ አሻግሩት። የላስቲኩ ውሃ ይደፋ፤ ገንዳችሁ ውስጥ አንዲት ጠብታ አትግባ። ለመጀመሪያው ቀን መብራቱን አጥፉለት፣ ምግብም አትስጡት። «ሳይበላ ሊሞት ነው» ለምትሉኝ፣ ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ከሳምንት በላይ ሳይበላ መቆየት ይችላል።

«ሻጩ ጤነኛ ነው ብሎኛል»

ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ ግን ስንጥብ ውስጥ የተደበቀ ተህዋስ በዓይን አይታይም። ከኮሮና ወዲህ ለይቶ ማቆያ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ዓሣ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ይረሳዋል። አንድ ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ፣ የአየር ፓምፕ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ለብቻው የሚውል መረብ፤ ይኸው ነው። አዲሱ ዓሣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት እዚያ ይቆይ፤ የባሕር ዓሣ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። መረቡን ከሳፋ ወደ ገንዳ የምታመላልሱ ከሆነ ግን ለይታችሁ አልለያችሁም።

«ነጭ ነጥብ ሁሉ በሽታ ነው» እና «ነጥቡ ጠፋ፣ ድኗል»

ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ገዳይ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ጎልድ ፊሹን ለሳምንታት በጨው ሲያክም ደረስኩ። ዓሣው ይበላል፣ ይዋኛል፣ አካሉን ድንጋይ ላይ አያሽም። ነጥቦቹ ያሉት የስንጥብ ክዳኑ ላይና የፊት ክንፉ ቀዳሚ አጥንት ላይ ብቻ ነው፤ መጠናቸው እኩል፣ አደራደራቸው በሥርዓት። ዓሣው ወንድ ነበር፤ የመራቢያ ጊዜው ስለደረሰ የሚወጣ ምልክት ነው፣ በሽታ አይደለም። በሽታ የሆነው ነጥብ ግን ያለ ሥርዓት ይበተናል፤ ጭራው ላይም፣ ጀርባው ላይም። ዓሣውም ራሱን ከጠጠሩ ጋር ያሻል።

ያ ነጥብ ከቆዳው ሥር የተቀመጠ ተህዋስ ነው። ሲጠግብ ይወድቃል፤ ነጥቡ የሚጠፋውም ያኔ ነው። ገንዳው ወለል ላይ ራሱን ሸፍኖ በመቶዎች ይከፋፈላል፣ ልጆቹም አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒት የሚያገኛቸው በዚህች የመዋኛ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዓሣው ቆዳ ሥር ያለውንም ሆነ ወለል ላይ የተሸፈነውን አይነካም። ስለዚህ ነጥቡ ሲጠፋ ሕክምናውን ያቆመ ሰው፣ ተህዋሱ በሚራባበት ሰዓት እጁን አጥፏል። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ዑደቱ ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል፤ ማሞቂያ የሌለው የደሴ ገንዳ ውስጥ ግን ሳምንታት ይጎተታል፣ ሕክምናውም አብሮ ይረዝማል።

«እንግዲያውስ 30 ዲግሪ አድርሰው» የሚሉም አሉ። ሙቀት ይረዳል፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለ ውሃ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ባሕር ጠረፍ ካለ ውሃ ይልቅ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይቀንሳል፤ የታመመው ስንጥብ ደግሞ ያለውንም በቅጡ አይስብም። የአየር ፓምፕ ሳትጨምሩ ሙቀት አትጨምሩ። መብራት የሚጠፋበት ሠፈር ከሆናችሁ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ይኑራችሁ፤ ገንዳውንም በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ጨውን በተመለከተ፣ «አዮዲን ያለበት ጨው ዓሣ ይገድላል» የሚለው መሠረት የለውም። የአዮዲኑ መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለጎልድ ፊሽ ነጭ ነጥብ በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም፣ በአንድ ቀን ሳይሆን ተከፋፍሎና አስቀድሞ በውሃ ሟሙቶ ይጨመራል። ገንዳው ውስጥ ዕፅዋት ካሉ ታማሚውን ለዩት፤ ጨው ያደርቃቸዋል።

«ጨው ካለን የባሕር ዓሣም እናኖራለን»

ከሳዑዲ ወይም ከጅቡቲ የተመለሱ ሰዎች ያዩትን ያማረ የባሕር ገንዳ እዚህ መሥራት ይፈልጋሉ፤ ፍላጎቱን አልነቅፍም። «አፋር ጨው ሞልቶ» ሲሉኝ ግን አዝናለሁ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ያ ጨው ግን ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ አይደለም። ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት አብረውት አሉ። የምግብ ጨው ውስጥ የገባ የባሕር ዓሣ ሲዳከም ምንም መድኃኒት አያድነውም፤ ውሃው ራሱ ጎድሎበታል።

የባሕር ዓሣ የነጭ ነጥብ ተህዋስ ደግሞ ከጨው አልባ ውሃ ዓሣው የተለየ ነው፣ ይበልጥም ግትር ነው። የሚታከመው በመዳብ ነው፤ መዳብ ግን እንደ ኮራልና ሽሪምፕ ያሉ ሌሎች የባሕር እንስሳትን ይገድላል፤ ስለዚህ ሕክምናው በለይቶ ማቆያ እንጂ በዋናው ገንዳ አይሆንም። ዋናው ገንዳ ዓሣ አልባ ሆኖ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ለመተማመን ከ10 ሳምንት በላይ ይቆያል። ነጥቡ እንደ ዱቄት ደቅቆ ከታየ፣ ዓሣውም በፍጥነት ከተነፈሰ፣ ሌላ ተህዋስ ነው፤ በጥቂት ቀናት ገንዳውን ሙሉ ይጨርሳል፣ እስከ ነገ አይታደርበትም።

በአጭሩ የማልፋቸውም አሉ። ከሐይቅ የተቀዳ ውሃ ዓሣን አይፈውስም፤ ይዞ የሚመጣው አዲስ ተህዋስ ነው። ዓሣ ሲታመም ውሃውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ማከም አይደለም፣ ድንጋጤ መጨመር ነው። የቧንቧ ውሃ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ሲያድር ክሎሪኑ ይወጣል፤ ቸኩሎ በቀጥታ መጨመር ስንጥብ ያቃጥላል። «የዓሣ በሽታ ወደ ሰው አይመጣም» የሚለውም ትክክል አይደለም። እጅ ላይ ባለ ጭረት የሚገባና ለወራት የማይድን ቁስል የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፤ ቁስል ካላችሁ ጓንት አድርጉ።

ባለሙያ ስትጠሩ ደግሞ «ዓሣው ደክሟል» ብቻ አትበሉ። ገንዳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ መቼ እንደተሞላ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ዓሣው መቼ እንደገባና ምን እንደጨመራችሁ ጻፉ። የሞተ ካለ ወዲያው አውጡትና በላስቲክ አድርጋችሁ በረዶ ላይ አስቀምጡልኝ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ግን ድንጋይ እንዲሆን አታድርጉት፣ ከቀለጠ በኋላ ስንጥቡ ላይ የማየው ነገር አይኖርም።