ጫትና አንጎል፦ ከአወዳይ እስከ ምርቃና

ጫት (ሳይንሳዊ ስሙ ካታ ኤዱሊስ) በሐረር ዙሪያ ባለው ደጋና ወይና ደጋ የሚለማ፣ ለጋ ቅጠሉና ቀንበጡ የሚቃም ተክል ነው። ድሬዳዋ ራሷ ቆላ ስለሆነች የምትቅመው ከአወዳይና ከአካባቢው ገጠር የሚወርድላትን ነው። የጫት መኪና የሚበርበትን ፍጥነት ያየ ሰው ሹፌሩን ይወቅሳል። ጥድፊያው ግን ከቅጠሉ ኬሚስትሪ የመጣ ነው፤ አንጎል የሚፈልገው፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ዕድሜው አጭር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 ከጫት ውስጥ ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር ተለየ። ለአርባ ዓመታት ያህልም የሚያነቃቃው እሱ ነው ተብሎ ታመነ። ነገር ግን ትኩስ ቅጠል ያለው ኃይል በካቲን ብቻ ሊብራራ አልቻለም። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖንን ሲለይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ካቲኖን በአሠራሩ አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ሲሆን በብዛት የሚገኘው በለጋው ቀንበጥ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲጎለምስ፣ ወይም ተቀጥፎ ሲደርቅ፣ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ከተቀጠፈ ከ2 እስከ 3 ቀን ያለፈው ጫት ኃይሉ የሚወርደው ለዚህ ነው። በሙዝ ቅጠል መጠቅለሉና ውሃ መረጨቱም እርጥበቱን ለማቆየት ነው። በፌስታል ታፍኖ በድሬ ፀሐይ የዋለ ዙርባ (የጫት እስር) ግን ይጠቁራል። በአማካይ 100 ግራም ትኩስ ቅጠል ወደ 36 ሚሊ ግራም ካቲኖንና ወደ 120 ሚሊ ግራም ካቲን ይይዛል፤ ልዩነቱ ግን ከማሳ ማሳ ሰፊ ነው።

በአንድ በርጫ፣ ማለትም በአንድ የመቃሚያ ቁጭታ፣ የሚቃመው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ግራም ነው። ቅጠሉ ጥቂት በጥቂት እየተኘከ ጉንጭ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጭማቂው ይዋጣል። አብዛኛው ካቲኖን ወደ ደም የሚገባው በአፍ ውስጠኛ ስስ ቆዳ በኩል ነው። በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው መቃም ከተጀመረ ከ1.5 እስከ 3.5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው፦ በግማሽ ሰዓት «አልያዘኝም» ብሎ ሌላ ዙርባ የሚጨምር ሰው የመጀመሪያው ሳይደርስ ሁለተኛውን ደርቦበታል።

አንጎል ውስጥ ካቲኖን የነርቭ ሴሎች ያከማቹትን ዶፓሚን የተባለ ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል ወደ ውጭ እንዲለቁ ያደርጋል፤ ሰውነትን የሚያነቃው ኖርአድሬናሊንም አብሮ ይጨምራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጄኔቭ ካሊክስ የተባለ ተመራማሪ ከጥንቸል አንጎል በተወሰደ ሕብረ ሕዋስ ላይ ይህንኑ አሳይቷል። ካቲኖን የተሰጣቸው አይጦች ከመጠን በላይ ይቅበዘበዛሉ፣ አንድን እንቅስቃሴ ይደጋግማሉ፣ ምግብም ይቀንሳሉ። ቁልፍ ሲጫኑ ንጥረ ነገሩ በደም ሥራቸው እንዲገባ የተደረገላቸው ጦጣዎች ደግሞ ደጋግመው ተጭነዋል። ይህን ይዞ ቃሚውን ከጦጣዋ ጋር ማመሳሰል ግን ጥድፊያ ነው። የተሰጣቸው ንጹሕ ካቲኖን ነው፤ ቅጠል በዝግታ ስለሚገባ ሱሱም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው።

ቃሚው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች የራሳቸው ስም አላቸው። መጀመሪያ ወሬው ይደምቃል፣ ዕቅዱ ይበዛል፤ ይህ ምርቃና ነው። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ይልና ሁሉም ወደ ራሱ ሐሳብ ይገባል። ካቲኖን በ1.5 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ካቲን ግን ወደ 5 ሰዓት ይፈልጋል፤ ደስታው አልፎ እንቅልፍ የሚጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙዎች ይህን በጨብሲ፣ ማለትም በመጠጥ፣ ሊሰብሩት ይሞክራሉ። መጠጥ እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል እንጂ ያንኑ እንቅልፍ ያቆራርጣል፤ የነቃ የሚመስለውም ሰው ስካሩን ስለማያውቀው መሪ ሲይዝ አደገኛ ነው። የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ድካም፣ መነጫነጭና ሐራራ ይመጣሉ፤ ሌሊት ደግሞ ዱካክ የሚባለው ከባድ ቅዠት ይከተላል።

ተማሪዎች ለፈተና የሚቅሙት አእምሮ ይከፍታል በሚል ነው። ንቃቱ እውነት ነው፣ ትምህርቱ መግባቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ያሳተሟቸው ጥናቶች አዘውታሪ ቃሚዎች ለጊዜው መረጃ በመያዝ፣ ሐሳብ በመቀያየርና ራስን በመግታት ፈተናዎች ከማይቅሙት ያነሰ ውጤት እንዳገኙ አሳይተዋል። ጫቱ ነው ያደከማቸው ወይስ ቀድሞውንም እንዲህ ነበሩ የሚለውን ግን እንዲህ ያለ ንጽጽር አይለይም።

የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ። በየመን በተደረጉ ጥናቶች ብዙ የሚቅሙ ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የበለጠ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ለሥነ ልቦና ቀውስ የተጋለጠ ሰው ደግሞ በብዛት ሲቅም ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማት ሊጀምረው ይችላል። በቅጠሉ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ውሃ በብዛት የሚቀርበው ለወግ ብቻ አይደለም።

ከበርጫ በኋላ ወለሉ ላይ የሚቀረው ገራባ፣ የጎለመሰው ቅጠልና እንጨቱ፣ ለፍየል ይሰጣል። በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ገራባ በእንስሳት መኖነት ተጠንቷል። ለጋውን ሰው ስለወሰደው ለፍየሏ የሚተርፋት ካቲኖኑ የሳሳው ክፍል ነው።