የባሕር ጉም ከየት ይመጣል?

በጉም የተሸፈነ የባሕር ዳርቻ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር «ባሕሩ ሞቆ እየተነነ ነው» የሚል አስተያየት ይደጋገማል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጉሙን የሚፈጥረው የባሕሩ ቅዝቃዜ ነው።

ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላዩ ያልበው የለ? ጠርሙሱ አላፈሰሰም። በክፍሉ አየር ውስጥ የነበረው የማይታይ ተን ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሲነካ ነው ውሃ የሆነው። ባሕር ላይም ሞቅ ያለ እርጥብ አየር በነፋስ ተገፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይቀዘቅዝና ተኑ በአየሩ ውስጥ ባለው የጨው ብናኝ ላይ እየተጠራቀመ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል፣ ያ ነው ጉም ማለት። ሳን ፍራንሲስኮ በሐምሌና በነሐሴ በጉም የምትዋጠው ለዚህ ነው። የናሚቢያ ጠረፍም እንደዚያው።

እኛ ከጎንደር ወጥተን ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞ ላይ የምናገኘው ጉም ግን ሌላ ነው፤ እዚያ አየሩ የሚቀዘቅዘው ተራራውን ሲወጣ ነው።

እርግጡ ይህ ነው፦ እርጥብ አየር በደንብ ከቀዘቀዘ ጉም ይሆናል። የሚለያየው የሚቆይበት ጊዜ ነው። የብስ ላይ የገባው ፀሐይ ስትበረታ ይገፈፋል፣ ባሕሩ ላይ ያለው ግን ለቀናት ሊተኛ ይችላል።