«እግሯን ባታጣ ኖሮ ማን ያውቃት ነበር?» እና ሌሎች ስለ ናታሊ ዱ ቶይት የሚወሩ ስህተቶች

ዋና ማሠልጠን ከጀመርኩ ጀምሮ ስለ ናታሊ ዱ ቶይት ያልሰማሁት ወሬ የለም። ደቡብ አፍሪካዊት ዋናተኛ፣ የኬፕ ታውን ልጅ ናት። ግራ እግሯ ከጉልበቷ ላይ ተቆርጧል። 13 የፓራሊምፒክ ወርቅና 2 ብር አላት። ስሟ በተነሳ ቁጥር ግን አንዱ ብድግ ይልና ያንኑ ነገር ይደግመዋል። ዛሬ ልናገርና ይውጣልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ፓራሊምፒክ የሽባዎች ኦሊምፒክ ማለት ነው።» አይደለም። ዛሬ ስሙ የሚፈታው «ፓራ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ «ጎን ለጎን» ማለት ነው። ከኦሊምፒክ ጎን ለጎን የሚካሄድ።

«ያው ስፔሻል ኦሊምፒክስ አይደል?» አይደል። እሱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የቆመ ሌላ ድርጅት ነው።

«ኤስ 9 ሲሉ ዘጠነኛ ወጣች ማለታቸው ነው።» ይህን የሰማሁት ከአንድ ትልቅ ሰው ነው፤ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ኤስ 9 ናታሊ የዋኘችበት የፓራሊምፒክ ዋና ምድብ ነው። ከ1 እስከ 10 የአካል ጉዳት፣ ከ11 እስከ 13 የማየት፣ 14 ደግሞ የአእምሮ እድገት ውስንነት። በአካል ጉዳቱ ምድብ ቁጥሩ ሲያንስ ጉዳቱ ይከብዳል። የሚለካው ጉዳቱ ዋናውን ምን ያህል ያስቸግራል የሚለው ነው እንጂ የጉዳቱ ዓይነት አይደለም። አንድ እግር የሌላትን ሴትና ክንዷ የተጎዳን ሌላ ሴት በአንድ ምድብ ብታዩ ማጭበርበር አይደለም።

«ያፈጠናት ሰው ሠራሽ እግሯ ነው።» ይሄ ከሌላው ደቡብ አፍሪካዊ፣ ከሯጩ ኦስካር ፒስቶሪየስ ጋር መምታታት ነው። እሱ በሰው ሠራሽ እግር ይሮጥ ነበር። እሷ ውሃ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር አታደርግም ነበር። አውልቃ ትገባ ነበር፣ አለቀ።

«እግሩ ተቆርጦ ኦሊምፒክ ላይ የተወዳደረ ከእሷ በፊት አልነበረም።» ነበረ እንጂ! ጆርጅ አይዘር በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ በእንጨት እግር ጂምናስቲክ ሠርቶ 6 ሜዳሊያ ወስዷል፤ 3ቱ ወርቅ። ሃንጋሪያዊው የውሃ ፖሎ ተጫዋች ኦሊቨር ሃላሲም አንድ እግሩ ተቆርጦ በ1932 እና በ1936 ወርቅ አግኝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጀግና ያደረጋት አደጋው ነው።»

አንድ ጊዜ ስለ ዋና እንዳወራ ተጋብዤ ነበር። ከእኔ በፊት የተናገረው ሰውዬ የናታሊን ታሪክ አነሳ። «እግሯን ባታጣ ኖሮ ማን ያውቃት ነበር? አደጋው በረከት ሆነላት» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የማሠለጥነው የ15 ዓመት ልጅ ተቀምጧል፤ እሱም አንድ እግር የለውም። ጠጋ ብሎ «ኮች፣ የእኔ በረከት የት ጋ ቀረ?» አለኝ። ምን ልመልስለት?

ሲጀመር ቅደም ተከተሉ ራሱ ስህተት ነው። ናታሊ የተወለደችው በ1984 ነው። በ1998 ኩዋላ ላምፑር ላይ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ስትዋኝ ገና 14 ዓመቷ ነበር፤ ሁለት እግር ነበራት። ለ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ለማለፍ ሞክራም ሳይሳካላት ቀርቷል። መኪና የገጫት በ2001 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከጠዋት ልምምድ ወጥታ በስኩተር ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ። ልብ በሉ፣ ከልምምድ ወጥታ! አደጋው ያገኘው የለየላትን ዋናተኛ ነው። በሦስት ወር ገደማ ወደ ገንዳው ስትመለስ ገና በቅጡ መራመድ አልጀመረችም። ሰው ይህን ተአምር ይለዋል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ያለ ልክ የዋኘ ሰውነት ከመሬት ይልቅ ውሃውን ያውቀዋል።

በቀጣዩ ዓመት ማንቸስተር ላይ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በ800 ሜትር ነጻ ቀዘፋ (ፍሪስታይል) ጉዳት ከሌለባቸው ጋር ተወዳድራ ፍጻሜ ገባች። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ በኦሊምፒክ ከገንዳ ውጭ በሚካሄደው የክፍት ውሃ ዋና 10 ኪሎ ሜትር ዋኝታ 16ኛ ወጣች። ከአንደኛዋ ከሩሲያዊቷ ላሪሳ ኢልቼንኮ የዘገየችው 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከሁለት ሰዓት ዋና በኋላ። እሷ ግን 16ኛነቱ አላስደሰታትም፤ ያሰበችው አምስት ውስጥ መግባት ነበር። ከዚያ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ 5 የፓራሊምፒክ ወርቅ። የፓራሊምፒክን ሜዳሊያ «የመጽናኛ ሜዳሊያ» የሚሉት ሰዎች እስቲ እዚህ ጋ ቆም ይበሉ።

ለምን 10 ኪሎ ሜትር? ይህንን ማንም አይጠይቀኝም፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል እሱ ነው። በነጻ ቀዘፋ ወደፊት የሚነዳን በአብዛኛው ክንድ ነው። እግር ዳሌን ወደ ላይ ይይዛል፣ ሰውነት እንዳይጣመም ሚዛን ይጠብቃል። ርቀቱ ሲረዝም የእግር ድርሻ ያንሳል። በዚያ ላይ በ50 ሜትር ገንዳ 800 ሜትር ስትዋኙ 15 ጊዜ ዞራችሁ ግድግዳውን ትገፋላችሁ። በአንድ እግር 15 ጊዜ ስትገፉ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ትቀራላችሁ። ሐይቅ ላይ ግን የሚገፋ ግድግዳ የለም። ያንን ምርጫዋን «የመንፈስ ጥንካሬ» ብቻ ብሎ ማለፍ ጭንቅላቷን መናቅ ነው።

እግር የሌለው ልጅ ይዛችሁ ወደ ገንዳ ለምትመጡ ወላጆችም ልንገራችሁ። ሰው ሠራሹን እግር ገንዳው ዳር ሲያወልቅ ወለሉ ርጥብ ነው፤ ክራንች ወይም የሰው እጅ ይኑር። ከዋና በኋላ የተቆረጠውን ጫፍ አድርቁና ቆዳው አለመቅላቱን እዩ። ለአሠልጣኙ «ለስፖርት ያህል ነው» አትበሉት፤ ሰምቶ ያንኑ ያህል ብቻ ያሠራዋል። ያቺ የቀረችው እግር ወደ መሃል ገብታ እንድትመታ ካልተለማመደች ሰውነቱ ወደ አንድ ጎን ይሽከረከራል። የእኔውን ልጅ ይሄ ብቻ አራት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን ሲመጣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ስለ ዳሌው ነው የሚጠይቀኝ።