በዛሬዋ ሊባኖስና አካባቢዋ ባሕር ዳርቻ ይኖሩ ስለነበሩት ጥንታዊ ነጋዴዎች፣ ስለ ፊንቄያውያን ከሚባለው ውስጥ ስንቱ እውነት ነው?

«ፊደልን የፈጠሩት ፊንቄያውያን ናቸው»

አሳጥረው አደራጁት እንጂ አልጀመሩትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከክ.ል.በ.) ከ1800 እስከ 1500 ባለው ጊዜ፣ በሲና በረሃ ሰራቢት አል ኻዲም በተባለ የግብፆች ማዕድን ማውጫ ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ከግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት ምልክቶችን ወስደው ለራሳቸው ቋንቋ አውለዋል። ብልሃቱ አጭር ነው፦ ነገሩ ይሳላል፤ የሚነበበው ግን የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው። የቤት ሥዕል «ብ»፣ የራስ ሥዕል «ር»፣ የዓይን ሥዕል «ዕ» ይሆናል። ቤት፣ ርእስ፣ ዐይን ለሚሉት ቃላት ግእዝ አዋቂ አስተርጓሚ አያሻውም።

ፊንቄያውያን ይህን ወርሰው ሥዕሉን ወደ ጥቂት ጭረት አወረዱት፣ ፊደሎቹን በ22 ወሰኑ፣ አቅጣጫውንም ከቀኝ ወደ ግራ አጸኑ። እ.ኤ.አ. በ1923 በጌባል (ግሪኮች ቢብሎስ በሚሏት) የተገኘው የንጉሥ አኪራም የድንጋይ ሬሳ ሣጥን፣ 1000 ከክ.ል.በ. አካባቢ የተቀረጸውን ይህን ጽሕፈት ይዟል።

«የግእዝ ፊደል የፊንቄ ልጅ ነው»

የአጎት ልጅ ቢባል ይቀርባል። የግእዝ ፊደል የመጣው በደቡብ ዓረብ (ሳባ) ጽሕፈት በኩል ሲሆን፣ ያ ቅርንጫፍ ከጋራው ግንድ የተለየው ለብቻው ነው። ማስረጃው «ሀ ለ ሐ መ» የሚለው ቅደም ተከተል ራሱ ነው። በሶርያ ኡጋሪት እና በእስራኤል ቤት ሳሚስ በተገኙ፣ የ13ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. ገደማ የሸክላ ጽላቶች ላይ ይኸው ተራ በሽብልቅ ምልክት ተጽፏል፤ ከአኪራም ሣጥን በፊት ማለት ነው። የፊንቄ ፊደል የሚከተለው ተራ፣ «አ በ ገ ደ»ም እዚያው ኡጋሪት ተገኝቷል። ሁለቱ ተራዎች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

«ግሪኮች እንዳለ ቀዱት»

የፊንቄ ፊደል ተነባቢ ብቻ ነው፤ አናባቢውን አንባቢው ከአገባቡ ይሞላል። ይህ ለሴማዊ ቋንቋ ያስኬዳል፤ ለግሪክኛ ግን ያስቸግራል። በሌላ በኩል ግሪክኛ የጉሮሮ ድምፆች ስላልነበሩት አንዳንዶቹ ፊደላት ሥራ ፈት ሆኑ። በ8ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. አካባቢ እነዚህን አናባቢ አደረጓቸው፦ አሌፍ አልፋ፣ ሄ ኤፕሲሎን፣ ዐይን ኦሚክሮን ሆነ። ግእዝ ለዚያው ችግር በ4ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ሌላ መፍትሔ ሰጠ፦ አዲስ ፊደል ከመጨመር ይልቅ በነባሩ ላይ ቅጥያ ቀጠለ፣ በ፣ ቡ፣ ቢ።

«ፊንቄ አንድ መንግሥት ነበረች»

አልነበረችም። ጢሮስ፣ ሲዶና፣ ጌባልና አርዋድ የየራሳቸው ንጉሥ የነበራቸው ተፎካካሪ የወደብ ከተሞች ናቸው። ስሙን ያወጣው ግሪክ ነው፤ እነሱ ራሳቸውን በከተማቸው ይጠሩ ነበር።

«ፊንቄያውያን የታወቁበት ሐምራዊ ቀለም ከዛጎል ይወጣ ነበር»

ከዛጎሉ ሳይሆን በውስጡ ካለው የባሕር ቀንድ አውጣ ዕጢ ነው። ጠብታው ሲወጣ ቀለም የለሽ ነው ማለት ይቻላል፤ አየርና ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ይሆናል። ሮማዊው ፕሊኒ አሠራሩን መዝግቦታል፦ ቀንድ አውጣው ሲሞት ፈሳሹን ስለሚተፋ በሕይወት ይያዛል፤ ለ33 ኪሎ ያህል ዕጢ ግማሽ ሊትር ገደማ ጨው ተጨምሮ ለ3 ቀን ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእርሳስ ጋን ለብ ባለ ሙቀት ይቆያል፤ በ10ኛው ቀን ገደማ ተጠልሎ የበግ ፀጉር እየተነከረ ይሞከራል። እሳቱ ከበዛ ቀለሙን የሚያሟሙት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ያልሟሟ ቀለም ደግሞ ፀጉሩን አይዝም። የሟሟው ቀለም ፀሐይ ካገኘው ወደ ሰማያዊ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1909 አንድ ኬሚስት ከ12,000 ቀንድ አውጣ ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነበር። የዋጋው ምስጢር ይኸው ነው። ፈጠራውም የፊንቄያውያን ብቻ አይደለም፤ የቀርጤስ ሰዎች ቀድመዋቸው ነክረዋል።

«የሚነግዱት የቅንጦት ዕቃ ነበር»

ሐምራዊ ልብስና የዝሆን ጥርስ ዓይን ይስባሉ እንጂ ብዙ መርከብ የሚሞላው ተራ ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከአስቀሎና ፊት ለፊት፣ 400 ሜትር በሚሆን ጥልቀት ላይ የተጠኑት ሁለት የ8ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. መርከቦች በየፊናቸው 400 የሚጠጉ የወይን ጠጅ እንስራዎች ታይተውባቸዋል። ያልተለበጠ ሸክላ ጠጁን ስለሚመጠው፣ የእንስራዎቹ ውስጥ በዛፍ ሙጫ ተለብጧል።