ብራውን ባግ ምንድን ነው?

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ አንድ ቀን «ብራውን ባግ፣ ሐሙስ ከቀኑ 6 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ይደርሳችኋል። ከአፍሪካ ጥናት ማዕከል ሊሆን ይችላል። እኔ የመጀመሪያው ሲደርሰኝ ከሥር «ምሳ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው ያየሁት። ግብዣ መስሎኝ ቁርሴን ዘልዬ ሄድኩ። ስደርስ ሁሉም ከቦርሳው የየራሱን ያወጣል፤ አንዱ ሳንድዊች፣ አንዷ የተከተፈ ካሮት በፌስታል፣ ተናጋሪው ራሱ ፖም። «እንብላ» የሚል የለም። ሆዴ እየጮኸ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዛንዚባር የቅርንፉድ ንግድ አዳመጥኩ።

ቃሉ ቃል በቃል ቡናማ ከረጢት ነው። ምሳ ከቤት የሚያዝባት ርካሽ የወረቀት ከረጢት። ስለዚህ ብራውን ባግ ማለት ምሳችሁን ይዛችሁ፣ እየበላችሁ የምትሰሙት አጭር ገለጻ ነው። አርባ ደቂቃ ገደማ ንግግር፣ ከዚያ ጥያቄ፣ 7 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ሥራው። ተናጋሪው አንጋፋ ፕሮፌሰር ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ከመስክ የተመለሰ የዶክትሬት ተማሪም ሊሆን ይችላል። እንደ ትልቅ ጉባኤ ያለቀለት ጽሑፍ አይጠበቅበትም፣ ገና በደንብ ያልበሰለ ሐሳብ ይዞ መጥቶ ማስተቸት ይችላል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው፣ እያወራ ባለ ሰው ፊት የራስን ምሳ ማኘክ መጀመሪያ ይከብዳል። ይለመዳል።

እንዲህ ያለውን ዝግጅት ከሚያዘወትሩት መካከል የኤሪያ ስተዲስ ማዕከላት አሉ። «የአካባቢ ጥናት» ብላችሁ ብትተረጉሙት ሰው ስለ ደንና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ የምታወሩ ይመስለዋል። ነገሩ አንድን የዓለም ክፍል ከነቋንቋው፣ ከነታሪኩ፣ ከነፖለቲካው፣ ከነሃይማኖቱ አንድ ላይ ማጥናት ነው፤ የታሪክ ሰውና የኢኮኖሚ ሰው በየትምህርት ክፍላቸው ሳይዘጉ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይጨቃጨቃሉ።

አሜሪካ ውስጥ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ፕሮግራሙን የከፈተው በፈረንጆቹ 1948 ነው። ገንዘቡ የጎረፈው ግን በ1957 ሶቪየቶች ስፑትኒክን፣ የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት፣ ካመጠቁ በኋላ ነው። ዋሽንግተን ደነገጠች፣ በ1958 የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ ወጣ፣ ሒሳብና ሳይንስ ብቻ ሳይሆን የውጭ ቋንቋና የዓለም አካባቢዎች ጥናትም የመንግሥት በጀት አገኘ። አዎ፣ መነሻው ፍቅር ሳይሆን ቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ ይህን ደግሞ የዘርፉ ምሁራን ራሳቸው ሲተቹት ኖረዋል። አማርኛ ሲማር ያያችሁት አሜሪካዊ ተማሪ ካለ፣ የትምህርት ክፍያው ከዚሁ ቋት ወጥቶለት ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ግን ግዴታ አለው፤ የሚያገኘው ማዕከል እውቀቱን ከግቢው ውጪ ላለው ሰውም ማድረስ አለበት፣ ለትምህርት ቤት መምህራን፣ ለከተማው ነዋሪ። ብዙ ብራውን ባጎች በነፃ፣ ለማንም ክፍት የሆኑት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እኛም ጋ ጥናቱ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያዊው የቤተ ክርስቲያን ሰው አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ምሁር ሉዶልፍ በፈረንጆቹ 1652 ጀርመን ጎታ ከተማ ተቀምጠው ስለ ግዕዝና ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሩ ስፑትኒክ የት ነበረች? ስድስት ኪሎ፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ከፈረንጆቹ 1963 ጀምሮ አለ።

ለእኔ የብራውን ባግ ጣዕሙ ጥያቄው ላይ ነው። ርዕሱ ኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ ከከተማው የመጣ አንድ ጋሼ ከኋላ ይነሱና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብለው ይጀምራሉ። ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል። ግን ተናጋሪው ማስታወሻ መያዝ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፤ ጋሼ እኮ እሱ በመዝገብ ቤት ያነበበውን ዘመን ኖረውበታል።

ስትገቡ በሩ አጠገብ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ፈርሙ። ስንት ሰው መጣ ተብሎ ለበጀት ሰጪው ሪፖርት የሚደረገው ከእሱ ላይ ተቆጥሮ ነው። ምሳችሁንም አትርሱ።